ከፖስታው የተላቀቁ ቴምብሮች

ሰዓት ሠሪውን ሰፈሩ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በመልካም እጁና በክፉ አፉ። እሱ ዘንድ ሄዶ ሳይሠራ የቀረ ሰዓት ጥቂት ነው፤ ስድብ ሳይቀምስ የወጣ ደንበኛም እንደዚያው። «ይሄ ሰዓት ነው ወይስ መዶሻ? ሚስማር ስትመታበት ከርመህ ነው እንዴ?» ይላል አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ። ደንበኛው ፊቱ ሲለዋወጥ የሰዓት ሠሪው ታናሽ እህት ከባንኮኒው ጀርባ ብቅ ትልና «ይተዉት ጌታዬ፣ አመሉ ነው» ብላ ታባብለዋለች። ዕድሜ ልኳን ይህንኑ ስትል ኖረች። እሷን ራሷን የሚያባብላት ሰው ግን አልነበረም።

የሚኖሩት ከሱቁ በስተጀርባ ባሉት ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነው። እሱ አላገባም። እሷን አንድ ሚስቱ የሞተችበት አስተማሪ ጠይቋት ነበር፤ ጨዋ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው። ወንድሟ «ሱቁን ማን ሊጠብቅ ነው?» አለና ነገሩ በዚያው ቀረ። አስተማሪው ለጥቂት ጊዜ ያልተበላሸ ሰዓት ይዞ እየመጣ «እስቲ ይዩልኝ» ሲል ከረመ፤ በኋላ እሱም ተስፋ ቆረጠ።

የሰዓት ሠሪው ፍቅር ሁሉ ሌላ ቦታ ነበር። ቴምብር ይሰበስባል፤ ያውም የዓለም ቅርስ የተባሉ ቦታዎች የታተሙበትን ብቻ። ፒራሚዶቹ፣ የቻይናው ግንብ፣ ታጅ ማሃል፣ ማቹ ፒቹ፤ እግሩ ከከተማው ወጥቶ ባያውቅም ስለነዚህ ቦታዎች ሲያወራ ትናንት ደርሶ የመጣ ይመስላል።

ጅማሬው የሁለቱ ነበር። አባታቸው ከውጭ አገር ደብዳቤ የሚበዛበት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ስለነበሩ፣ የተጣሉ ፖስታዎች በኪሳቸው ይዘው ይገቡ ነበር። ልጆቹ ቴምብሩ ያለበትን ጥግ በመቀስ ቆርጠው ለብ ያለ ውሃ ላይ ያንሳፍፉታል። ሙጫው መልቀቁን የምታውቀው እሷ ነበረች። እሱ ሲቸኩል «ቆይ፣ ገና ነው» ትለዋለች፤ ሲደርስ ደግሞ በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ታላቅቀዋለች። ፊቱን ወደ ታች ደፍተው ፎጣ ላይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅ ከወፍራም መጽሐፍ ሥር ይተኛል። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው፤ በእጅ ግን ትበልጠዋለች።

ካደገ በኋላ የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር ገባ። እዚያ አዲስ ነገር ተማረ፤ ለእውነተኛ ቴምብር ሰብሳቢ ቁም ነገሩ ፖስታው ነው። ቴምብሩ ከነፖስታው፣ ቅርሱ ባለበት ከተማ ፖስታ ቤት ማህተም ተመቶበት፣ ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ከዚያ ወዲህ የራሱን አድራሻ የጻፈበት ባዶ ፖስታ በሌላ ፖስታ ውስጥ እያደረገ፣ የሩቅ አገር ፖስታ ቤቶችን ቴምብር እንዲለጥፉበት እየለመነ፣ ለራሱ ማስላክ ጀመረ። ለደንበኞቹ የነፈገውን ትህትና ሁሉ ለማያውቃቸው የፖስታ ቤት ሠራተኞች አወጣው። አንዳንዱ ፖስታ ወር፣ አንዳንዱ ዓመት ቆይቶ ይመጣል፤ ውሃ በልቶት የቀረም አለ። የመጣውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል።

እህቱ አንድ ቀን «እነዚህን መቼ ነው የምናላቅቃቸው?» ብትለው «አንቺ አይገባሽም፣ አትንኪ» አላት። ለምን እንደማይላቀቁ ለማስረዳት ሁለት ቃል ይበቃው ነበር። ግን ስስታም ነው፤ ቁልፉንም እውቀቱንም ለብቻው ያዘ። እሷም ጊዜ አጥቶ ነው ብላ ተወችው። እሱ ከሥራ ሲያርፍ እንደ ልጅነታቸው ጎን ለጎን ቁጭ ብለው የሚያላቅቋቸው ይመስላት ነበር።

ከዓመታት በኋላ የዓይን ሞራ ያዘው። ለሰዓት ሠሪ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ወረንጦው ብሎኑን እየሳተ አየር መቆንጠጥ ጀመረ። ሆስፒታል ገብቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ቁስሉ ስላመረቀዘም እዚያው እንዲቆይ ተባለ። በዚያው ሰሞን ማኅበሩ በትልቁ ፖስታ ቤት አዳራሽ ኤግዚቢሽን ሊያሳይ ነበር። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ስብስቡን የሚያሳይበት አንድ ሙሉ ሰሌዳ ተሰጥቶታል። ሰሌዳ የተሰጠው ቀን ደንበኛ ሳይሰድብ ዋለ፤ እህቱ ሕመም የጀመረው መስሏት ነበር።

እና እሱ ዓይኑ ታሽጎ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የማኅበሩ ጸሐፊ እነሱ ቤት ደወለ። «ቀኑ ደርሷል፤ ያልተዘጋጀ ነገር አንቀበልም ብለው ይንገሩልኝ» አላት። ሄዳ እንዳትነግረው ነርሷ «እንዳታስጨንቂው፣ እንባ እንኳ ይጎዳዋል» ብላታለች። የቁምሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ እቤት በተወው ኮት ኪስ ውስጥ ነበር። ሱቁን ዘጋች፣ ውሃ ለብ አደረገች፣ መቀሷን አነሳች።

እንደዚያ ደስ ብሏት የሠራችው ሥራ የለም። እያንዳንዱን ጥግ በጥንቃቄ ቆረጠች፤ ዳር ዳሩ ካለው ጥርስ አንዱንም ሳትሰብር አላቀቀች፣ አሰጣች፣ ከመጽሐፍ ሥር አስተኛች። ነጭ ካርቶን ላይ ስትደረድራቸው ከዕድሜያቸው ያነሱ መሰሉ። የተቆራረጡትን ፖስታዎች ጠራርጋ ለቆሻሻ መኪናው ሰጠች።

ሰዓት ሠሪው አንድ ዓይኑ ተፈቶለት ሲመለስ ክንዱን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ወሰደችው። «ዓይንህን ጨፍን እልህ ነበር፣ እሱስ ሐኪሞቹ ግማሹን ጨፍነውልኛል» አለችና ሳቀች። ካርቶኑን ገለጠችለት።

ጎንበስ ብሎ አየ። «ፖስታዎቹስ?» አለ።

«ምን ያደርጉልሃል? ጣልኳቸው።»

መሳቋን ያቆመችው ፊቱን ስታይ ነው። ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። እሷ ሮጣ ውሃ አመጣች፤ ብርጭቆውን ገፋው።

«ማንም አልፈልግሽ ብሎ እኔ ቤት ተጥለሽ ኖርሽ» አላት። «እሱም ይሁን ብዬ ቻልኩሽ። በሕይወቴ የነበረኝን አንድ ነገር ደግሞ ጨረስሽልኝ!»

ማን ፈልጓት እንደነበረ፣ ማንስ እንዳስቀረው ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ግን ስለ አስተማሪው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «አላወቅኩም ወንድም ጋሼ፣ እግዜር ያየኛል፣ አላወቅኩም» ብቻ አለች። በማግስቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ የሟች ታላቅ እህታቸው ልጅ ቤት ሄደች። እሱ ስትወጣ ከአልጋው አልተነሳም።

ጸሐፊው ነገሩን ሲሰማ «ቴምብር ብቻ የሚታይበት ምድብም አለ፤ ሰሌዳህ ባዶውን ከሚቀር አምጣው» አለው። ካርቶኑን እየተነጫነጨ ወሰደው። በኤግዚቢሽኑ ቀን ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ሰው እስኪያፌዝበት ጠበቀ። ያፌዘ አልነበረም። ሰዉ እየተጠጋ ያያል፣ ልጆቹን ያሳያል፣ «እንዴት ያምራል!» እያለ ያልፋል። ፖስታዎቹ የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ አንድ ነፍስ አልተገኘም።

ማምሻው ላይ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ሽማግሌው ፋርማሲስት፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሰሌዳው ላይ አጎነበሱ። «እኔ እኮ አንዳንዴ ያ የተጨማደደ ፖስታ ሁሉ ይሰለቸኛል» አሉት በሹክሹክታ። «ይሄ ግን አጃኢብ ነው። አንድ ጥርስ እንኳ አልተሰበረም! ማነው ያላቀቃቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሰዓት ሠሪው።

ለምን እንዳለው ራሱም አያውቅም። ቃሉ ካፉ ወጣ፤ ሽማግሌው እጁን ጨበጡት፣ ሰው አጨበጨበ፣ «በቴምብር አያያዝ አንደኛ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ቤቱ ሲገባ የሚያሳየው ሰው ስለሌለ ሳያወጣው ኮቱን ሰቀለ።

ጥቂት ቀናት ብቻውን ታገለ። ደንበኛ ይሰደባል፤ የሚያባብለው ስለሌለ ሰዓቱን ነጥቆ ይሄዳል። በመጨረሻ ኮቱን ለበሰና እህቱን ሊያመጣት ተነሳ። አውቶቡስ ውስጥ የሚላትን ሲያጠና ሄደ፦ የተሸለመው ያንቺ እጅ ነው፣ ማንም ምንም አላለም፣ እኔ ነኝ የበደልኩሽ። ወረቀቱንም ሊሰጣት ነው።

በሩን የከፈተችው እህቱ ራሷ ነች። ከስታለች። እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ሸሽጋ ወንበር አቀረበችለት።

«ዓይንህ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው። በይ ተነሽ፣ ሱቁ ሰው የለበትም።»

ከተጠናው ሁሉ ይሄኛው ቀድሞ ወጣ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። «አልመጣም ወንድም ጋሼ። ጠልቼህ አይደለም። እጄን አላምነውም፤ ሰሃን ሳጥብ እንኳ ይንቀጠቀጥብኛል። ሌላ ነገር ደግሞ አበላሽብሃለሁ።» ቀና ብላ አየችውና፣ «ለመሆኑ ሰው ምን አለ? በጣም አዋረድኩህ?» አለች።

እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ወረቀቱን በጣቶቹ ነካው። ይህን ብታይ እጇ መንቀጥቀጡን ያቆማል፤ ተነስታም ትከተለዋለች፤ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ወረቀቱ ከወጣ «እኔ ነኝ» ማለቱም አብሮ ይወጣል፤ ያ ሁሉ ስድብም ለከንቱ እንደነበር በገዛ አፉ መናገሩ ነው። እጁን ባዶውን አወጣው።

«ምን ይላሉ፣ አዘኑልኝ» አለ።

እህቱ አንገቷን ደፋች። እንባዋ ሽርጧ ላይ ጠብ ጠብ አለ። «ይቅር በለኝ» አለችው።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።

እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጁን ይዛ ሳመችው። እሱም አልከለከላትም።