ዓይናቸውን የጨፈኑት መካኒክ

ኮሌጅ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከሥራ ስወጣ ካሜራዬን አንግቼ ወደ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ያነሣሁትን ፎቶ ለዓመታት ሰው እያየ «ጥሩ ነው» ብሎኝ ያልፋል፤ ይህ «ጥሩ ነው» የሚባል ነገር ያናድደኛል። ስለዚህ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለአምስት ፎቶ አንሺዎች ዐውደ ርዕይ ሲዘጋጅና እኔም ስጋበዝ፣ ዘንድሮ ሰው ፎቶዬ ፊት ቆሞ ልቡ እንዲነካ አደርጋለሁ ብዬ ተነሣሁ። እግዜር ሰማኝ መሰለኝ።

የመረጥሁት የጀልባ መካኒኩን ፎቶ ነው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ጡረታ ወጥተው እንኳ ከወደቡ አይጠፉም። የተበላሸ ሞተር ሲመጣላቸው መፍቻ አያነሡም። መጀመሪያ ያስነሡታል፤ ከዚያ ጎንበስ ይሉና ጆሯቸውን አስጠግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እንዲያ ሲያዳምጡ ጀልባ ነጂው፣ ተሳፋሪው፣ ሁሉም ጸጥ ይላል። ቀና ሲሉ የሞተሩን ሕመም አውቀውታል። ፎቶውን ያነሣሁት በዚያች ሰዓት ነው። ሳስፈቅዳቸው «አንሣ፤ ሞተሩም ይግባ እንጂ» ብለውኝ ነበር።

ሞተሩን ቆርጬ አወጣሁት። ኮምፒውተር ላይ ሳየው ዝገቱና ዘይቱ ሰውየውን የጋረደብኝ መሰለኝ፤ ፊታቸውን ብቻ አስቀረሁ። ቀለሙን አጥፍቼ ጥቁርና ነጭ አደረግሁት። በትልቁ አሳጠብሁና ጥቁር ፍሬም አስገባሁለት። ያገሬ ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ የት ተሰቅሎ እንደሚያይ ለአንድ አፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም። እኔ ራሴ በስንት ለቅሶ ቤት እንዲህ ካለ ፎቶ ሥር አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ! መማር አንዳንዴ ያደነዝዛል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እንግዳ መግባት ሲጀምር መብራት ጠፋ። መስኮቱ ሁሉ በወፍራም መጋረጃ ስለተሸፈነ አዳራሹ ጨለመ። ጠባቂው ደግ ሰው ናቸው፤ ከየት እንደሆነ እንጃ ሁለት ሻማ ይዘው መጡ። «ትልቁ ፎቶ እንኳ ይታይ» ብለው ከመካኒኩ ግራና ቀኝ አቆሟቸው። እኔም አየሁና፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

የወደቡን ሰዎች ጋብዤ ስለነበር ከሁሉ ቀድማ የገባችው እዚያ የተጠበሰ ዓሣ የምትሸጥ ሴት ናት። ለመካኒኩ የሃያ ዓመት ጎረቤታቸው ናት። ሁለት እርምጃ እንደገባች ፎቶውን አየች።

«ወይኔ አባቴ! ወይኔ!» ብላ ደረቷን መታች። ከኋላዋ የመጡት ተቀበሏት።

መካኒኩ ጉልበታቸውን አሟቸው ከሳምንት በፊት ወንዛዬ ፍልውሃ ወርደዋል። ስልካቸው ዝግ ነው። ታመው ሄደው ወሬያቸው ጠፍቷል፤ አሁን ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው በጥቁር ፍሬም ውስጥ፣ በሁለት ሻማ መካከል ተገኙ። ሰው ምን ብሎ ይጠራጠር?

«ኧረ አልሞቱም!» ብዬ ጮኽሁ። «ደኅና ናቸው! ወንዛዬ ናቸው!»

ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች በአዘኔታ አየችኝ። «ገብቶኛል፣ ወንድሜ። እንዲህ በል ተብለህ ነው» አለችኝ።

በእኛ ዘንድ ሞት እንዲሁ ብድግ ተብሎ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። እስከዚያ ድረስ ሟቹ «ትንሽ አሟቸው ነው» ይባላል፤ «ደኅና ናቸው» ይባላል። እናም እኔ «ደኅና ናቸው» ባልሁ ቁጥር ለቅሶው ባሰ። ስምል ጊዜማ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «በቃህ ልጄ፣ አውቀነዋል» አሉኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ስቀን በተለያየን ነበር። ሴትዮዋ ግን ከእንባዋ ጋር ስልኳን አውጥታ ማክሰኝት ደውላለች። የመካኒኩ ታላቅ እኅት እዚያ ናቸው። ከአንድ እናት ልጆች የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እኅትየው ብርቱ ደም ግፊት አለባቸው፤ ባለፈው ክረምት ራሳቸውን ስተው ወድቀው በስንት መከራ ነው የተረፉት። ጎረቤቶቻቸው እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሊያረዷቸው ተስማምተዋል።

ስልኩን ነጥቄ የተደወለላቸውን ጎረቤት አናገርሁ።

«ጋሼ፣ ስሕተት ነው። ሰውየው በሕይወት አሉ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ገባኝ ልጄ፣ ገባኝ። አጠገብህ ሰው አለ ማለት ነው። አታስብ፤ በጠዋት እናደርሳለን» አሉና ዘጉት።

አንዲት በዓይኔ አይቻቸው የማላውቅ እናት በእኔ ፎቶ የተነሣ ነገ ጠዋት ሊሞቱ ነው። ምላስ የሚያድናቸው አልሆነም፤ የሚያድናቸው ወንድማቸውን በአካል ይዞ መሄድ ብቻ ነው። ዐውደ ርዕዩን ለጓደኞቼ ጥዬ ሚኒባስ ተኮናተርሁ። ዓሣ ሻጯም «ሬሳው ወዳለበት ከሆነ እኔም አልቀርም» ብላ ገባች።

ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ወንዛዬ ስንታጠፍ አዲስ ፍርሃት መጣብኝ። እውነት ሞተው ቢሆንስ? ሳምንት ሙሉ ድምፃቸውን የሰማ የለም። ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጣ ስትነፋረቅ እኔም ቀስ በቀስ አመንኋት። ፍልውሃው ዳር ስንደርስ እሷን አስቀድሜ ከመኪናው ወረድሁ።

መካኒኩ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ የአንድ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተር ላይ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሴትዮዋ አየቻቸውና «ኡኡ!» አለች።

«ዝም በሉ!» ብለው ተቆጡ፤ ዓይናቸውንም አልገለጡም። «አልሰማ አልሁኮ!»

እዚያው መሬቱ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁ። እንባዬ መጣ፤ ሳቄም መጣ። እንደዚያ ቀን ቁጣ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የፎቶውንና የለቅሶውን ነገር ስነግራቸው መካኒኩ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ሞተሩን የት አደረስኸው?» ብለው ጠየቁኝ። የእኅታቸውን ነገር ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ «በስልክማ ማን ያምናል!» ብለው ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ መኪናው ውስጥ ገቡ።

ያን ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበር፤ ተመስገን። ወረታን አልፈን፣ አዲስ ዘመንንም አልፈን ሄድን። እንፍራዝ ስንደርስ መካኒኩ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ እያዩ ተናገሩ።

«ስድስት ዓመት ሆነኝ ካየኋት። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል። የሰው ሞተር ሳዳምጥ።»

ማክሰኝት የገባነው ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከእኅትየው ቤት ትይዩ ባለው ደጅ ሰባት ስምንት ሰዎች ተሰብስበው፣ ነገ ማን ቀድሞ እንደሚናገር በሹክሹክታ ይመካከራሉ። መካኒኩ ከሚኒባሱ ሲወርዱ አንደኛው «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። በስልክ ያናገሩኝ ሰው እንደሆኑ በድምፃቸው ለየኋቸው።

«ደኅና ናቸው ብዬዎት ነበር!» አልሁ፤ ንዴቴም እፎይታዬም አንድ ላይ ወጣ።

እኅትየው ጓሯቸው ውስጥ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው ወንድማቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ። መካኒኩ ያንን የታመመ ጉልበታቸውን አጥፈው የእኅታቸውን ጉልበት ሳሙ።

«እኔ ስሞት ነው የምትመጣ ብዬ ነበር» አሉ እኅትየው።

በበሩ በኩል ጎረቤቶቹ፣ ዓሣ ሻጯና እኔ እንባችንን እያበስን ቆመናል። እኅትየው አዩንና የምስሩን ሰፌድ አስቀመጡ።

«እናንተስ ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ማንም!» አልን ባንድ አፍ። ያልነውን ነገር የሰማነው ካልነው በኋላ ነው። እኅትየው የሀገሩን ወግ ከሁላችንም በላይ ያውቁታል፤ ፊታቸው ሲገረጣ አየሁ።

«እኔ ነኝ የሞትሁት» አሉ መካኒኩ ቶሎ ብለው። «ሞቷል ብለው አልቅሰውልኝ ነው። ይኸው፣ ዳብሺኝ።»

እኅትየው ዳበሷቸው። ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ጣታቸው ድረስ ዳበሱ።

«ከስተሃል» አሉ በመጨረሻ። «ግባ፤ ብላ።»