የላውጋ አራት ቀን ደስታ

ላውጋ ክፉ ሴት ናት የሚል ካለ እኔ ፊት እንዳይል። ክፉስ እኔ ቶራ ነኝ፤ ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝና።

እኛ ማኒቶባ ውስጥ በሐይቁ ዳር የሰፈርን አይስላንዳውያን ድሮም ምስጢር አይበረክትልንም። በዚያ ላይ ስልክ የሚሉት ፈተና መጣብን። አንዲት ሽቦ ለዘጠኝ ቤት። ላውጋ ስትጠራ ሁለት ረጅም አንድ አጭር ይጮኻል፤ የእኛ ሦስት አጭር ነው። የማንም ቢጮኽ በሁሉም ቤት ይሰማል፤ ማንሳት ያለበት ግን የተጠራው ብቻ ነው። ይባላል። እኔ የሰው ስልክ ሲጮኽ እጄ ሊጥ ውስጥ ቢሆን እንኳ በክርኔ አነሳው ነበር። ከዚያ አፍን በመሐረብ ይዞ፣ ትንፋሽን ውጦ ማዳመጥ ነው። ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ሁላችንም አላደረግንም እንላለን።

ላውጋ ከቫልዲ ጋር ሃያ ሦስት ዓመት ኖራለች። ቫልዲ ዓሣ አጥማጅ ነው። አይጠጣም፣ አይማታም፣ የሰው ሚስት አያይም። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ዝም አይልም። ጋዜጣ ሲመጣ ከአናቱ ጀምሮ እስከ ላም መድኃኒት ማስታወቂያው ድረስ ጮክ ብሎ ያነብላታል። ድንች ስትልጥ ድንች እንዴት እንደሚላጥ ይነግራታል። ወሬ ያለቀበት ዕለት በጥርሱ መሀል ያፏጫል። እሷ "እሺ" ትላለች። ስለ ላውጋ የምናውቀውም ይህንኑ ነበር፤ እሺ ባይ፣ ኬኳ የማይደርቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ የምትቀመጥ። ስትስቅ የሰማ አልነበረም። ጥርሷ ገጣጣ ስለሆነ አፍራ ነው እንል ነበር፤ እንግዲህ እኛ መቼ ምክንያት አጥተን እናውቃለን።

አንድ የካቲት ሰኞ ጠዋት ቫልዲ በፈረስ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ዓሣውን ጭኖ ባቡር ጣቢያው ወዳለበት ከተማ ሄደ። ቀትር ላይ ደወለላት።

"አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው፤ እስኪያልፍ እዚሁ አድራለሁ። ምድጃውን አደራ! መጀመሪያ ቀጭኑን እንጨት፣ ከዚያ ወፍራሙን።"

"እሺ" አለች። ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ በራችን ተንኳኳ። ቫልዲ ነው። ቅንድቡና ጢሙ በረዶ ሆነው ተጣብቀዋል።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው በዚህ አየር የወጣኸው?" አለው ባሌ ስቴፋን።

"ላውጋ ብቻዋን ናት። ነፋሱ ጋብ ሲል ተነሣሁ። ፈረሶቹ ከዚህ አናልፍም አሉኝ።"

ከእኛ ቤት እስከ እነሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው።

"እንኳን ፈረስ ሰይጣንም ዛሬ አይወጣም። ግባ።"

"መጀመሪያ ልደውልላት፤ ትጨነቃለች" አለና ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሣ።

መስመሩ ተይዟል። ላውጋ ከእህቷ ከሩና ጋር እያወራች ነበር። ደንቡ መልሶ መስቀል ነው። ቫልዲ ግን የሚስቱን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ደህና ናት ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠን። እኔም ሻይ የማቀርብ መስዬ ተጠጋሁ። የዚያን ዘመን ስልክ ደግሞ እንደ ወንፊት ነው፤ አጠገቡ ለቆመ ሁሉ ያፈሳል።

"ሩና፣ ለማንም እንዳትነግሪ።"

"ለማን እነግራለሁ?"

"ለእንግዳ ያስቀመጥኩትን ኬክ በላሁት። ሰባቱንም ድርብርብ! በእጄ! አልጋ ላይ ሆኜ!"

"ውይ ላውጋ! ፍርፋሪውስ?"

"ተኛሁበታ!"

ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያች ሴት ይወጣል ብሎ የጠረጠረ የለም። ከሆዷ የሚነሣ፣ መሀል ላይ እንደ አሳማ የሚያንኮራፋ ሳቅ።

"ስሚኝ ሩና። ዛሬ ከቀትር በኋላ በረዶው መስኮቱን እስከ አናቱ ሸፈነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ብርሃን ሰማያዊ ሆነ። እግሬን ምድጃው አፍ ላይ ሰቅዬ ተቀመጥኩ። የሚጠራኝ የለም። ምን ቀረሽ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ የምፈልገው ነገር አጣሁ። አንድም! በሠርጌ ቀን እንኳ ጫማው ጠቦኝ ባወለቅኩት እያልኩ ነው የዋልኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህ በረዶ ምነው ባያባራ!"

ቫልዲ ስልኩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ሰቀለው።

"ተይዟል" አለን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቦቱን ማውለቅ ጀመረ።

ረቡዕ ማታ ነፋሱ ቆመ። ሐሙስ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠራ። ቫልዲ ግን አልሄደም። "ፈረሶቹ ደክመዋል" አለ። ፈረሶቹ በጋጣችን አጃችንን እየበሉ ይራገጣሉ። እሱ ቀኑን ሙሉ ከስቴፋን ጋር መረብ ሲጠግን ዋለ፤ ቃል አልተነፈሰም፤ አላፏጨም። አርብ ቀትር ላይ ሲነሣ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ "ከተማ ነው ያደርኩት" አለን። ለላውጋም እንዲሁ እንድንላት እንደሆነ ገባን።

ሁለት ሳምንት ቻልኩት። ለእኔ ይህ ከዐቢይ ጾም ይረዝማል። ከዚያ ላውጋ ጉንፋን ይዟት በቀረችበት ቀን ለቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ተረክሁላቸው። ኬኩንማ ግማሾቹ በየጆሯቸው ሰምተውታል። ቫልዲ መስማቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ስልኩን እንዴት እንደሰቀለው ተነሥቼ አሳየኋቸው። ደግሜም አሳየኋቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላውጋ መጣች። ኬክ ይዛ ነው የመጣችው።

"ላውጋ" አለች ጉንና የምትባል ምላሰኛ፣ "ለሐሙስ አውሎ ነፋስ ይመጣል አሉ። እንኳን ደስ አለሽ!"

ሳቅ ሆነ። ላውጋም ቀልታ ትንሽ ፈገግ አለች፤ መደመጧ ለማንም አዲስ አይደለም።

"ምስኪኑ ቫልዲ ግን" ቀጠለች ጉንና፣ "ቶራ ቤት ቆሞ ስልኩን እንደ እንቁላል ሰቀለው አሉ።"

ላውጋ ወደ እኔ ዞረች። "ቫልዲ አንቺ ቤት ነበር?"

ጫማዬን አየሁ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከማክሰኞ።"

"በዚያ አየር? ምን ሊሠራ?"

"ብቻዋን ናት ብሎ።"

ኬክ የምትቆርስበትን ቢላዋ አስቀመጠች። ቅላቱ ከፊቷ ወርዶ ነጣች። ካፖርቷን ሳትቆልፍ ወጣች። ኬኩን የነካው የለም፤ ማኅበራችን እንዲያ ሆኖ አያውቅም።

የቀረውን ራሷ ነች የነገረችኝ፣ ሐይቁ ከቀለጠ በኋላ፣ እንደገና ልታናግረኝ ስትጀምር። ያን ዕለት ማታ ራት ላይ ጠየቀችው።

"ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ቫልዲ፣ እኔ…"

"ሳቅሽን ነው የሰማሁት። መሳቅ የማትችይ መስሎኝ ነበር እኮ። ይህን ሁሉ ዓመት የምለፈልፈው ለዚያ ነው፤ አንዱ ወሬ ያስቃት ይሆናል እያልኩ።"

"ቶራ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ" አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ቫልዲ ኮፍያውን አነሣ። "ስቴፋን ዘንድ ያልተጠገነ መረብ አለ። ቅዳሜ እመጣለሁ።"

"አትሂድ፣ ቫልዲ።"

"መረቡ ብዙ ነው" ብሎ ወጣ።

ደስ ላይላት ማለች። ወለሉን ፈገፈገች፤ የእሱን ካልሲ ሁሉ አውጥታ አጠበች፤ ለመቀጣት ብላ ደረቅ ዳቦ በላች። "ሐሙስን ቻልኩት። አርብ ቀትር ላይ፣ እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ መጣብኝ። ያው ደስታ ራሱ። ምንም አልፈለግሁም። አለቀስኩ፣ ቶራ። እያለቀስኩም ደስ ብሎኝ ነበር።"

ቅዳሜ ተመለሰ። "እንዴት ነበር?" አላት።

ናፍቀኸኝ ነበር ብትለው ግማሹ እውነት ነው። አላለችም።

"ጥሩ ነበር።"

"በጣም?"

"በጣም" አለች፣ ዓይኑን ሳታይ።

ቫልዲ ኮፍያውን ሰቀለ። "መረቡ ገና አላለቀም" አለ።

"እና መቼ ነው የምትሄደው?" ስትል የራሷን ድምፅ ሰማች።

ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ አልጋ የማነጥፍለት እኔ ነኝ። እኛ ቤት ከገባ ቃል አይተነፍስም፤ እኔም፣ ወሬ እንደ ውሃ የሚጠማኝ ሴትዮ፣ አንድ ነገር ጠይቄው አላውቅም። ራቱን አቀርብለትና ጀርባዬን አዞራለሁ።