በአከራያችን ስም የተከተብነው

ሱዳን ውስጥ፣ ሳጃና የሚባል ሰፈር፣ አንድ ግቢ ተከራይተን አራት ሴቶች እንኖር ነበር። ሦስታችን አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ተመላላሽ ሠራተኞች ነን። አራተኛዋ፣ በዕድሜ ስለምትበልጠን እትዬ የምንላት፣ እቤት ልብስ ትሰፋለች። አስም አለባት፤ ኮሮና ገባ ሲባል ሁላችንም የፈራነው ለእሷ ነው።

ክትባቱ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ግን ሐበሻው ሁሉ "ከሻ ነው" አለ። ከሻ ማለት ፖሊስ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሰው ከየመንገዱ ለቅሞ የሚጭንበት አፈሳ ነው። እትዬም አመነች።

"ዛሬ ስሜን ጽፈው ነገ መኪና ይዘው ሊመጡ? አልወጣም" ብላ ክፍሏን ዘጋች።

እኔ ደግሞ ንዴታም ነኝ፤ "እንግዲያው ታፍነሽ ሙቺ" አልኳት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነርሷ ቶብ የለበሰች ወፍራም ሱዳናዊት ነበረች። ደጃችን ላይ ቆማ ስም እስከ አያት ጠየቀች። እኛስ ብንሆን መች ጀግና ሆንን? የራሱን ስም ማን ይሰጣል? በቃላችን የምናውቀው ሙሉ የሱዳን ስም ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የኪራይ ውላችን ላይ ያለው የአከራያችን የሴትዮዋ ስም። የመጀመሪያዋ እሱን ሰጠች። ሁለተኛዋም እሱኑ። እኔ ሌላ ልፈልግ ብዬ አፌን ስከፍት ያው ወጣ።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አነሳች። "ማሻላህ፣ እናታችሁ ለሦስታችሁም አንድ ስም ነው ያወጣችው?"

አለቀልን አልኩ። እሷ ግን ከየስማችን ጎን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ጻፈችና "ያላ፣ ክንድ" አለች።

እትዬ ይህን ሁሉ በመስኮት አይታለች። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የስፌት መኪናዋን ወደ በሩ አዙራ ፖሊስ ስትጠብቅ ከረመች። በአህያ ከሚዞረው ወተት ሻጭ በቀር የመጣ የለም። እኛንም አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ እያለች መጥራት ጀመረች፤ ስትስቅ ሳይ ደስ አለኝ።

ለሁለተኛው ዙር ነርሷ ተመልሳ መጥታ "እናንተ የአንድ እናት ልጆች፣ ውጡ" አለች። እየተሳሳቅን ወጣን። እትዬ ከኋላችን ተከትላ መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ተናገረች። ነርሷ ጆሮዋ አልይዝ ሲላት፣ እትዬ አንድ በአንድ ቀስ ብላ ደገመችላት።

ከእትዬ ጋር ስድስት ዓመት አብሬ ኖሬያለሁ። ስሟን የሰማሁት ያን ቀን ነው።