የእትዬ አሰገደች ዓይንና ጋዝ የከዳው ለስላሳ

እትዬ አሰገደች መካኒሳ አቦ ሠፈር ለስላሳ የሚሸጡ፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ አፋቸው የማያርፍ ሴት ነበሩ። በሰባ ዘጠኝ ክረምት፣ አንድ እሑድ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው ተቀመጡ። ጎረቤቶቻቸው ያኔውኑ መጠርጠር ነበረባቸው።

ዝናቡ መስኮቱን ስላዘጋ አዳራሹ ጨልሟል። ያለችው አንዲት አምፖል ከሊቀ መንበሩ ከጓድ ፈየራ በላይ ተንጠልጥላለች። እትዬ አሰገደችን ግራ ዓይናቸውን ሕመም እንደ ምጥ ይዟቸዋል። ቀና ቢሉ የጓድ ፈየራ ራስ በቀስተ ደመና ተከቧል።

ተነሡና፣ «ጓድ ፈየራ፣ አክሊል ወርዶልዎታል» አሉ።

የቀበሌ ሊቀ መንበርን ጻድቅ ማለት ያስሸልም ይሁን ያሳስር የሚያውቅ አልነበረም። ጓድ ፈየራ ራሳቸውን ዳበስ አድርገው፣ «ይህ በአጀንዳው ላይ...» ብለው ሳይጨርሱ እትዬ አሰገደች በገዛ ጫማቸው ላይ አስመለሱ።

በቀበሌው መኪና ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ወጋየሁ የሚባል ወጣት የዓይን ሐኪም የቀላውን ዓይን መረመረ።

«እናቴ፣ ዓይን ውስጥ የሚመነጭ ውሃ አለ። የእርስዎ መውረጃው ድንገት ተዘግቶ ግፊቱ ጨመረ። ቀስተ ደመናውም ትውከቱም ከዚያ ነው። ዛሬ በመድኃኒት እናበርደዋለን። እንዳይመለስ ግን በሌዘር ጨረር ትንሽ ቀዳዳ እናበጅለታለን።»

«ዓይኔን ልትበሳ?»

«ከመርፌ ጫፍ ያነሰች።»

«ጆሮዬን የተበሳሁት ይበቃኛል። መድኃኒትህን ስጠኝ።»

ጠብታውና ኪኒኑ ሕመሙን አስታገሡላቸው። ኪኒኑ ግን ጣታቸውን ይነዝራል፣ በየሰዓቱም ሽንት ቤት ያመላልሳቸዋል። በሦስተኛው ቀን ለስላሳ ቢቀምሱ ጋዝ የለውም። አምስት ጠርሙስ ከፈቱ፤ አምስቱም ሙት። አከፋፋዩን ዲንሳን አስጠሩት።

«ስኳር የበጠበጥክበትን ውሃ ነው ያራገፍክብኝ» አሉት።

ዲንሳ አንዱን ጨለጠና አገሳ። «ይኸው እትዬ፣ ጋዝ አለው።»

«አስመስለህ ነው።»

ሁለተኛ ጠጣ፤ አሁንም አገሳ። መንገደኛው ምስክር ሊሆን ተሰበሰበ፤ ሁሉም በነጻ እየጠጣ በየተራ አገሳ።

ዶክተር ወጋየሁ ይህን ሲሰማ፣ «ኪኒኑ ነው። የጋዝን ጣዕም ያጠፋል» አላቸው።

«እንግዲያ ሱቄን ሳያዘጋብኝ ብሳው።»

አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፎ እንዳይናገሩ አዘዛቸው። ከሁሉ የከበዳቸው እሱ ነበር። ብርሃኑ ብልጭ ብልጭ አለ፣ እንደ መቆንጠጥ ተሰማቸው።

«ጀምር እንጂ» አሉ ጥርሳቸውን እንደነከሱ።

«ጨረስኩ። አሁን ቀኝዋን፤ የሷም መንገድ ጠባብ ነው።»

«ደህናዋ ምን በደለችህ?»

«ነገ እርስዎን እንዳትበድል ነው።»

አገጫቸውን መልሰው መሣሪያው ላይ አሳረፉ።

ኪኒኑ ቀረ፤ ዓይናቸውም ዳግመኛ አላመማቸውም። ዓይኑ የቀላ ደንበኛ ከመጣ ግን ለስላሳ ሳይሸጡለት ሐኪም ቤት ሂድ ይሉት ነበር። አብዛኛው ሲጠጣ ያደረ ስለሆነ ምክራቸውን የሰማ ጥቂት ነው።