ሚዛን ያልሞላው ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ «ክሩ» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጎኑን ካዞረ ስለማይታይ ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ያንን መቀስ ያዝ እንዳይወስድህ!» ትለዋለች። ብርድ ደግሞ ጠላቱ ነው። የሚሰፋው ከዳቦ ቤቱ ጋር የሚጋራውን ግድግዳ ተደግፎ ሲሆን፣ ጎረቤቱ ጋጋሪው ምድጃውን ሲያቀጣጥል የክሩም አጥንት አብሮ ይሞቃል። ሁለቱ እንዲህ ግድግዳ ለግድግዳ ሲሞቁ ኖረው ሸበቱ።

አንድ ማለዳ ግን ምድጃው እሳት ተፋና ጋጋሪውን ከደረቱ እስከ ክንዱ ለበለበው። ሆስፒታል ገባ፤ ግድግዳውም ቀዘቀዘ። የጋጋሪው ሚስት ወሬ ይዛ መጣች።

«ፕላዝማ እየሰጡት ነው፤ ከደም የሚለይ ቢጫ ውሃ ነገር። ክምችቱ ሳስቷልና የሚችል ይምጣ ብለዋል።»

ቀድሞ የተነሳው ባለ ሉካንዳው ነው፤ አንገቱና ትከሻው ድንበር የሌላቸው ሰው። «በርሜል ያዘጋጁ!» ብሎ ወጣ፤ ያዘዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተመለሰ። የደም ግፊቱ ጣራ ነክቶ ኖሮ፣ ነርሷ በመርፌ ፋንታ የሐኪም ቀጠሮ ሰጥታ ሸኝታዋለች።

«እኔን ከመለሱኝ አንተንማ ከበር በትንፋሽ ነው የሚመልሱህ» አለ ክሩን እያየ። «ከሃምሳ ኪሎ በታች አይቀበሉም።»

ክሩ አርባ ስምንት ነበር፤ ያውም ጠግቦ።

ሌላ ሰው ቢሆን አዝኖ ይቀር ነበር። ክሩ ግን የሰውነት ጉድለት ሁሉ መድኃኒቱ ስፌት ነው ብሎ ያምናል። ስንቱን ትከሻ አልባ ሙሽራ በስፖንጅ ትከሻ ሞልቶ ድሯል! ቁጭ ብሎ ኮት ሰፋ፤ በገበሩ ውስጥ የዛገ መቀስ፣ የካውያ ስባሪ፣ የአሮጌ ስፌት መኪና ሆድ ዕቃ ቀበረና እየተንገዳገደ ሄደ።

ነርሷ በጥያቄ አጣደፈችው። ዕድሜ? በቅርቡ ታመው ነበር? የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ቁርስ በልተዋል? ንቅሳትስ አለዎት?

«የሚነቀስበት ቦታ የታለና ልጄ!»

ሁሉንም አለፈ። ግፊቱ የጎረምሳ ሆነ። ሚዛኑም ስልሳ ሦስት አለ፤ ክሩ ቁጥሩን ሲያይ ያደገ ልጁን ያየ ያህል ኮራ።

«ጎሽ! አሁን ኮቱን አውልቀው እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

ኮቱን ሰቀለው። መስቀያው ከነምስማሩ፣ ከነልስኑ ወረደ። ሁለት ክፍል አልፎ የተኛ በሽተኛ «የምድር መንቀጥቀጥ!» ብሎ ጮኸ። ነርሷ ኮቱን በሁለት እጇ ታግላ ልታነሳው አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ከማንኛችሁ ልቅዳ? ከእርስዎ ነው ከኮቱ?»

«የተቃጠለው ጎረቤቴ ነው» አለ ክሩ። «ባዶ እጄን እንዴት ልጠይቀው?»

ነርሷ ሳቋን ዋጠችና ያለ ኮቱ ዳግም መዘነችው። «የምንቀዳው በኪሎ ልክ ነው። በብረቱ ልክ ብቀዳልዎ እዚሁ ተዝለፍልፈው ጎረቤትዎ አጠገብ ይተኛሉ። ለዛሬ አላጣንለትም፤ ግን ነገም ያስፈልገዋል፣ ሌላውም ያስፈልገዋል። ሁለት ኪሎ ጨምረው ይምጡ። የራስዎን ሁለት ኪሎ።»

ወሬው ሰፈር ደረሰ፤ ሰፈሩም ክሩን እንደ በዓል በግ ያዘው። የጋጋሪው ሚስት ከሆስፒታል መልስ እንቁላል ትቀቅልለታለች፤ ባለ ሉካንዳው ምርጥ ምርጡን ሥጋ ይዞ እየመጣ «እኔ ያልሰጠሁትን ባንተ በኩል ልስጥ» ይላል። የክሩ ሚስት ደግሞ ከአጠገቡ ንቅንቅ አትልም።

«በቃኝ እኮ!»

«ብላ! ለአንተ መሰለህ እንዴ? ለጋጋሪው ነው!»

በመጨረሻ በሸሚዝ ብቻ ሚዛን ላይ ወጣ፤ ሃምሳን ለጥቂት አለፋት። ማሽኑ ደሙን ወስዶ ቢጫውን አስቀረና ቀዩን መለሰለት። ክሩ እየሞላ ያለውን ከረጢት አየና «ይኼ ሁሉ ከእኔ ነው?» ሲል ነርሷ «የኮቱ እንኳ አይደለም» አለችው።

ጋጋሪው ድኖ የተመለሰ ዕለት ምድጃው ነደደ፣ ግድግዳው ሞቀ። ክሩ ተደግፎ በዕድሜው ሠርቶት የማያውቀውን ሥራ ይሠራ ነበር፤ የራሱን ሱሪ ወገብ ያሰፋል። ከወዲያ በኩል ግድግዳው ተንኳኳ።

«ክሩ! ቀስ ብለህ ተደገፍ እንጂ ወንድሜ፣ ግድግዳው የጋራ ነው!»