ይታያል እንጂ አይነካም

«አንቺ የተቀጠርሽው ካርድ ለመብሳት ነው፤ ለማሰብ እኔ አለሁ» አለኝ የማሽን ክፍሉ አለቃ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ።

አዲስ አበባ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ካለበት ክፍል ደጃፍ ላይ። ጊዜው ለኮምፒዩተር የሚሰጠው ሁሉ በወረቀት ካርድ ላይ እየተበሳ የሚገባበት ነው።

«እንግዲያው ያስቡዋ! እያሰቡ ወሩ አለቀ እኮ» አልኩት።

አብረውኝ ካርድ የሚበሱት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ባዶ ነው። ጎበዝ ከሆንሽ ሠርተሽ ነይ፤ ፕሮግራም ጸሐፊ አደርግሻለሁ። ካልሆነ ከመብሻው ወንበር አትነሺም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ መዝገብ አለ። መዝገቡ ግድግዳ ለግድግዳ እንደተያያዘ ተራ ቤት ነው፤ ስም፣ ቀጥሎ የቅጥር ዓመት፣ ቀጥሎ የሥራ ቀን፣ ማለት በወሩ ስንት ቀን እንደሠራ። የሥራ ቀን በየጊዜው ይለወጣል። የቅጥር ዓመት ግን አንዴ ከተጻፈ ሊታይ እንጂ ሊነካ አይገባም። ካርዱን ስበሳ የለመድኩት፣ አሴምብሊ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ይህን አያውቅም። «ይህን እዚያ አኑር» ሲሉት ያኖራል፤ ቦታው በቃ አልበቃ ግዱ አይደለም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ በገብረ ወይም በወልደ የሚጀምር ስም ይረዝማል። ቅጹን የሚሞሉት ጸሐፊዎች ይባስ ብለው፣ የሰው ስም መቁረጥ ነውር መስሏቸው፣ የአያት ስምም ይጨምሩበታል። የስሙ ጅራት ያልፍና የቅጥሩ ዓመት ላይ ይተኛል። አንድ አሮጌ ዘበኛ የተቀጠረበት ዓመት ተብሎ የወጣለት የአያቱ ስም ትራፊ ነበር።

አለቃዬ ያሰበው መላ መዝገቡን በሙሉ መቆለፍ ነው። «ከቆለፉት የሥራውን ቀን በየት ያስገቡታል?» ብዬ ነው ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣሁት።

ዓርብ ማታ ፕሮግራሙን የምሞክርበትን ወረቀት ይዤ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ገባሁ። ለአንኮበሩ ንግሥ ነይ ብላ ልካብኝ ነበር። ገና ሳልቀመጥ፣ «እሁድ ከሰዓት ሽማግሌ ይመጣል፤ የላካቸው ደህና ሰው ነው» አለችኝ።

«እሁድ ከሰዓት እኔ አዲስ አበባ ነኝ። የጠዋቱ አውቶቡስ ካመለጠኝ ሰኞ አልደርስም።»

«ማሽን አገባሽ እንዴ?»

በማግስቱ አንኮበር ወጣን። የእናቴ ወንድም የደብሩ ገበዝ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው። ሕዝቡ ሲበተን ከሩቅ የመጣ አንድ ሰው ሥዕል ያለበትን የብራና መጽሐፍ ልይ አላቸው። ውስጥ አላስገቡትም። ራሳቸው ገብተው መጽሐፉን አወጡ፤ አትሮንስ ላይ አስቀምጠው ራሳቸው ገለጡለት።

«አባ፣ እኔ ልግለጠው?» አልኩ።

«እጅሽን ሰብስቢ! ዓይን ተሰጥቶሻል፣ እዪበት።»

«ከበሮውን ሕፃን ሁሉ ይነካው የለም እንዴ?»

«ከበሮ ሊመታ ነው የተሠራው። ይህን የፈለገ እኔን ይጠይቃል፤ ዲያቆኑም ቢሆን። አንቺ ደሞ ምላስሽ አያርፍም።»

የሳቸው ቤት ደግሞ በሙሉ አልተቆለፈም። አንዱ ዕቃ ላገኘው ሰው ሁሉ ነው፤ አንዱ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይወጣል። ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ ወረቀቴን ዘረጋሁ። የቅጥር ዓመት ያለበት ቦታ የሚጠራበትን ስም ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ፋቅሁና ለአንድ ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ሰጠሁት። ዓመቱን የፈለገ እሱን ይጠይቅ፤ እሱም ግልባጩን ያቀብል።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ያ የስም ጅራት መቼ በበር ገባና! ከጎረቤት አልፎ ነው የመጣው። ብድግ ብዬ ሄድኩ።

«አባ፣ በጀርባ ግድግዳውን ቆፍረው ቢገቡብዎትስ?»

እናቴ ቆነጠጠችኝ። የገበዙ ፊት ተለወጠ። «ምን አስበሽ ነው?» አሉና መጽሐፉን አቅፈው ገቡ።

ለካ ተቆፍሮ ያውቃል። ስንመለስ፣ የጭነት መኪናው እያንገጫገጨን፣ እናቴ እየተቆጣች ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ገበዙ በር ሲዘጉ ዕቃውን ሁሉ አንድ በአንድ ይዳስሳሉ፤ እንደተዉት ካላገኙት ማንንም ከግቢው አያስወጡም።

«ማንንም?»

«ማንንም። ምነው?»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቅጥር ዓመቱን ገልብጦ ራቅ ያለ ቦታ ያኑር። ሲጨርስ ሁለቱን ያስተያይ። ከተለያዩ ማሽኑ ይቁም፤ መዝገቡ አይውጣ። የሥራ ቀን ግን እንዳሻው ይለወጥ።

«በዚህ ንፋስ ምንድነው የምትጭሪው?» አለች እናቴ።

«አዲሱን ወንበሬን።»

እሁድ ጠዋት የደብረ ብርሃን ውርጭ መሬቱን ነጭ አድርጎታል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?»

«አይተው ይመለሱ በያቸው።»

«ምኑን አይተው? አንቺ የለሽ!»

«ቤቱን።»

«ሰኞ ማሽኑ እምቢ ቢልሽስ?»

«አስተካክዬ እሞክረዋለሁ።»

«አለቃሽስ እምቢ ቢል?»

የአውቶቡሱ ጡሩምባ ከወደ ገበያው ተሰማ። ወረቀቱን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ጉልበቷን ሳምኩ። በነጠላዋ ላይ የደረበችውን ጋቢ ከትከሻዋ አንስታ ወረወረችብኝ። ለብሼው ቁልቁል ሮጥኩ፤ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ገባሁ።