የየኔታ ላቀው ድምፅ የጠፋበት ሁዳዴ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስናዘዝ ዙሪያውን እየዞርሁ አልፌዋለሁ፤ ዋሽቻለሁ ብያለሁ፣ በማን ላይ እንደዋሸሁ ግን አልነገርኋቸውም። ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገረው ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአብነት መምህራንን ድምፅ ቀርጾ በሚያስቀምጥ ትንሽ ፕሮጀክት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርሁ። ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ባለች አንዲት ደብር የኔታ ላቀው የሚባሉ አረጋዊ የድጓ መምህር ነበሩ። ምልክቱ ብራናው ላይ ቢኖርም፣ የእርሳቸው የዜማ አጣጣል ከአፋቸው ካልተሰማ አይገኝም። ያን አጣጣል ተምሮ ሊጨርስ የተቃረበ አንድ ደቀ መዝሙር ብቻ ነበራቸው፤ ዲያቆን ይበልጣል። እርሱም አባቱ ታመውበት እርሻውን ሊይዝ ወደ መርጡለ ማርያም ተመልሷል። የኔታ መቀረጹን እሺ ያሉኝ ለእርሱ ሲሉ ነው።

«ልጄ፣ ዘፈን ካለበት ዕቃ ውስጥ እንዳታኖረው» አሉኝ። «ይበልጣል ሲመጣ ግን ስጠው። ምንም አታስቀርበት።»

እሺ አልሁ። ሳል እያቋረጣቸው፣ ውኃ ጎንጨት እያሉ፣ እየደገሙ አዜሙልኝ። ቅጂውን ክላውድ በሚሉት፣ ፋይል በኢንተርኔት ሩቅ ቦታ በሚቀመጥበት አገልግሎት ላይ ጫንሁት። ስልኬም ላፕቶፔም ዘፈን ነበረባቸውና፣ ቃሌን ልጠብቅ ብዬ ከሁለቱም አጠፋሁት።

መመዝገቢያው የመሥሪያ ቤት ኢሜይል አስገባ ይላል። እኔ የግሌን አስገባሁ። ለምን? የመሥሪያ ቤቱ እስኪፈቀድ ይዘገያል ብዬ ነበር ለራሴ የምነግረው። ውሸት ነው፤ አለቃዬን አንድ ቃል መጠየቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሥራው በስሜ እንዲሆን፣ ያለ እኔ ማንም እንዳይከፍተው ፈልጌ ነው። ነጻ ሙከራ ነበር፤ ጊዜው ሳያልቅ ወደ መሥሪያ ቤቱ አዛውረዋለሁ ብዬ ተውሁት።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እኔ ደግሞ ያን ዓመት ጽድቅ አማረኝ! ከምግቡ ሌላ ኢንተርኔትም ልጹም ብዬ የስልኬን ዳታ ዘጋሁ። ቢሮ ስገባ የምከፍተው የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ብቻ ሆነ፤ የግሌን አልነካሁትም። ጓደኞቼ «መነኮስህ እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ደስ ይለኝ ነበር። በፋሲካ ማግስት ስከፍተው ማስጠንቀቂያው ተደርድሮ ጠበቀኝ። ሙከራህ ሊያበቃ ነው። አበቃ። ፋይሎችህ ሊጠፉ ነው። የመጨረሻው ጠፍተዋል ይላል። ለድርጅቱ ጻፍሁ፤ መመለስ አይቻልም አሉኝ።

እስከዚህ ያለው ስሕተት ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ግን የኔታ በሕይወት ነበሩ! ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄጄ እግራቸው ላይ ብወድቅ፣ ጠፋብኝ፣ እንደገና ያዚሙልኝ ብላቸው፣ ከመቆጣት አልፈው ምን ያደርጉኝ ነበር? ድምፃቸው ደከመ እንጂ አልተዘጋም ነበር። አፈርሁ። ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ ገባና ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ እፎይ አልሁ። አዎ፣ እፎይ ነው ያልሁት፤ ይህንንም ቁጠሩብኝ።

ከቀብሩ መልስ ይበልጣል ወደ እኔ መጣ። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«የኔታ ዜማውን አንተ ዘንድ እንዳስቀመጡልኝ ነግረውኝ ነበር» አለኝ።

ያኔ ነው የዋሸሁት። «ከመሞታቸው በፊት አጥፋው አሉኝ፤ አጠፋሁት» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ በአገሩ ተዛመተ። ላቀው እኮ ዕውቀቱን ሰስቶ ይዞት ተቀበረ ይባላል። ለአንድ መምህር ከዚህ የከፋ ስም በእኛ አገር የለም። እየታፈኑ፣ ደረታቸውን ይዘው ያዜሙለትን ሰው! ድምፃቸውን ያጠፋሁ እኔ፤ ስማቸውን ያጠፋሁ እኔ። አንዳንድ ቀን ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ ያ ሳላቸው ከኋላዬ ይሰማኛል። ዞሬ ሳይ ማንም የለም። ዜማቸው ግን አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ላስታውሰው ብሞክር አንዲት ሐረግ እንኳ አትመጣልኝም።

ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ ይበልጣልን አገኘሁት። ድጓውን ትቶታል፤ ስለ አዝመራውና ስለ ልጆቹ አወጋኝ። ሊሰናበተኝ ሲል እጄን ያዘ።

«የኔታን ብዙ ዘመን ተቀይሜያቸው ኖርሁ» አለኝ። «አሁን ግን ይቅር ብያቸዋለሁ።»

«ደግ አደረግህ» አልሁት።

ይበልጣል፣ የኔታ ምንም አልነፈጉህም። የነፈግሁህ እኔ ነኝ። ያን ይቅርታህን ከእርሳቸው ላይ አንሣው፤ እርሳቸው ይቅር የሚባሉበት በደል አልነበራቸውም። ለእኔ ለመስጠትም አትቸኩል።